ፊቷ እስኪድን

ሰው የሚሰደደው በሌሊት ነው ይላሉ። እኔ ከቆቦ የወጣሁት ግን በቀትር ነው፤ ያውም ዶሮዎቹ እንኳ ክንፋቸውን ዘርግተው ጥላ ሥር በሚያለከልኩበት ሰዓት። ሌሊቱን የአብዮት ጥበቃዎች ይዘውታል። ጠመንጃ አንግተው፣ ባትሪ እያበሩ፣ ወደ ጓሮ የወጣች አሮጊት ላይ "ቁሚ!" እያሉ ጀግና የሚሆኑት በጨለማ ነው። ፀሐይ አናት ላይ ስትወጣ አብዮቱም ይተኛል። በዞብል በኩል ባለው ኬላ አጠገብ፣ ቁርቁራ ዛፍ ሥር ተዘርረው አፋቸውን ከፍተው ያንኮራፋሉ፤ ዝንብ ይገባል፣ ዝንብ ይወጣል። አገር የሚጠብቁት እንግዲህ እነዚህ ነበሩ።

የሸሸሁት ከቀበሌያችን ሊቀመንበር ነው። ስሙን አልጠራም፤ ስሙን ጠርቼ ወረቀት አላበላሽም። ሆዱ ከካኪ ሱሪው በላይ የሚፈስ፣ ሁለት ሚስት አባርሮ ሦስተኛ የሚፈልግ ሰውዬ ነበር። አንድ ቀን አባቴን አስጠርቶ፣ "ልጅህ ለአብዮቱ ታስፈልጋለች፤ ጽሕፈት ቤት ገብታ ትሥራ" አለው። አብዮቱ ማለት እሱ ነው። ጽሕፈት ቤት ማለትም ከቢሮው ጀርባ ያለችው አልጋ የተዘረጋባት ክፍል መሆኗን ቆቦ ውስጥ የማያውቅ አልነበረም። አባቴ ጨርቅ ነጋዴ ነው። እምቢ ቢል ሱቁ ይታሸጋል፣ እሱም እስር ቤት ይገባል። ጨነቀውና፣ "ዘሐራ እኮ ባለባል ናት፤ ኒካዋ ታስሯል" ብሎ ዋሸ። ከዚያ ሮጦ ውሸቱን እውነት አደረገው።

ባል ሆኖ የተገኘው ጅቡቲ የሚኖር ጀማል የሚባል የቆቦ ልጅ ነው። አጎቱ ወኪል ሆኖ ኒካውን አሰረለት። እኔ ድምፁን በካሴት ሰማሁ፤ እሱ ፎቶዬን አየ፤ ትዳራችን ይኸው ነው። ፎቶው ወልድያ ድረስ ሄጄ የተነሣሁት ነው፤ አንሺው በብሩሽ ነካክቶ አፍንጫዬን አቅጥኖታል። ጀማል በካሴቱ፣ "ዘሐራ፣ ፎቶሽ ከራስጌዬ አይለይም፤ እዚህ ያለው ሰው ሁሉ ቀናብኝ" ይላል። ካሴቱን እያጠነጠንኩ መላልሼ ሰማሁት። አገር ቤት ያላችሁ ልጆች፣ እባካችሁ ካሴት የሚልክላችሁን ወንድ ሁሉ አትመኑ።

የሚያሻግረኝ ሁመድ የሚባል አፋር ነው፤ ጨው በግመል ጭኖ ቆቦ ገበያ የሚያመጣ፣ ከአባቴ ሱቅ ሽርጥ የሚገዛ የቆየ ደንበኛ። ቀትሩን የመረጠው እሱ ነው። ሰበቡን ግን እናቴ፣ እመየ፣ አመጣችው፤ ዞብል ሥር ሠርግ ተጠርታ ነው ይባል። ሠርግ የምትሄድ የራያ ልጅ ደግሞ ራሷ ደርቆ አትሄድም። ሹሩባዬ እንደ አዲስ ተሠራ፤ ለጋ ቅቤ አናቴ ላይ ተከመረ። እመየ እጇ ላይ የተረፈውን፣ "ፊትሽም እንዳይደርቅ ሆዴ" እያለች ግንባሬንና ጉንጬን አበሰችኝ። እኛ ዘንድ ቅቤ ፀሐይ ሲያየው ነው ወደ ውስጥ የሚሰርገው፤ ስለዚህ ቅቤ የተቀባች ሴት ሻሽ አታስርም፣ እንዲያውም ፀሐይ ፀሐዩን ትሄዳለች። ቤት ውስጥ ከነበርነው አንዳችንም "ይቺ ልጅ እኮ የምትሄደው በረሃ ነው" አላልንም። ለጥበቃዎቹ የፈጠርነውን ውሸት ራሳችን አመንነው።

ኬላው ጋ ስንደርስ አንደኛው ጥበቃ አንድ ዓይኑን ብቻ ገለጠ።

"ወዴት ነው?"

"ሠርግ።"

"የማን?"

"የአክስቴ ልጅ።"

ቅቤውን አሸተተ። "እውነትም ሠርግ ነው። ሂጂ፤ ስትመለሺ ሥጋ ይዘሽልኝ ነይ" ብሎ ዓይኑን መልሶ ከደነ። እስካሁን እየጠበቀኝ ከሆነ አላህ ያጥግበው።

ሁመድ ግመሉን ይዞ ከፊት ከፊት ይሄዳል። ገና ዳገቱን ስንጀምር ዞሮ አየኝና፣ በዚያ ሴትና ወንድ በማይለይ አማርኛው፣ "አንተ ሴት፣ ይሄን ነጭ ነገር አውልቅ! ሚሊሻው ከተራራ ላይ ያይሃል" አለኝ። ነጠላዬን ጠቅልዬ ብብቴ ሥር አደረግሁት። እንግዲህ አስቡት፤ ራሴ ክፍት፣ ፊቴ ክፍት፣ ቅቤው ቀልጦ በግንባሬ፣ በጉንጬ፣ በጆሮዬ ጀርባ ይወርዳል። መጀመሪያ ደስ አለኝ፤ ወዛሁ ብዬ። ዞብልን ተሻግረን ሜዳው ላይ ስንወርድ ግን ፊቴ ይጠዘጥዘኝ ጀመር። አመሻሹ ላይ በእጄ ብነካው የራሴ ፊት አልመስል አለኝ።

በማግስቱ ሁመድ አገጬን ይዞ ወደ ብርሃን አዞረኝ። "ፊትህ እየተጠበሰ ነው። ፊት ላይ ቅቤ ማነው ያዘዘህ?"

"አንተስ ተቀብተህ የለ?"

ጎፈሬውን መታ መታ አደረገ። እውነቱን ነው፤ የእሱ ጎፈሬ ጃንጥላ ነው፣ ቅቤው እዚያው ውስጥ ይቀራል። የእኔ ሹሩባ ግን መሃል መሃሉ ባዶ ቆዳ ነው፤ እንደ ተልም መስመር በመስመር ተቃጠለ። "በውሃ ልታጠብ" ብዬ ብለምነው፣ "ውሃው የሆድ ነው፤ ፊት አይጠማውም" ብሎ ከለከለኝ። ነጠላዬን መልሼ የለበስኩት ሰው የማያየን ቦታ ስንደርስ ነው። ያኔ ግንባሬ ውሃ ቋጥሯል፣ ከንፈሬ ተሰነጣጥቋል፣ ዓይኔ ከእብጠቱ የተነሣ በጠባቡ ነው የሚያየው። ድንበሩን አልፈን ዲኪል የምትባል ከተማ ደረስን፤ ከዚያ ከሰል የጫነ መኪና እኔንና ሁመድን ጅቡቲ ከተማ አወረደን። ከላይ የከሰሉ ብናኝ፣ ከሥር የተላጠው ቆዳ፤ ሙሽራዋ ይህን መስላ ነው የገባችው።

ጀማል ሸሚዙን ተኩሶ፣ ሽቶ ተርከፍክፎ፣ መኪና ማቆሚያው ጋ ቆሟል። በካሴት ላይ ወደብ ውስጥ ሹም ነኝ ያለው ሰው የመርከበኞች ቡና ቤት አስተናጋጅ መሆኑን ያወቅሁት በኋላ ነው፤ እሱስ ይሁን። ፎቶውን ከኪሱ አወጣ፤ ፎቶውን አየ፤ እኔን አየ። ከዚያ ከኋላዬ ሌላ ሴት የምትመጣ መስሎት አንገቱን አስግጎ የከሰሉን መኪና ተመለከተ። ሁመድ ወደኔ እየጠቆመ "እሱ ነው" አለው። ጀማል ያኔ "እንኳን በሰላም መጣሽ" አለኝ፣ መሬት መሬቱን እያየ። ከወላጆቼ ቤት ወጥቼ፣ አገር አቋርጬ፣ የተቀበለኝ ቃል ይህ ነው።

ቤቱ አልወሰደኝም። "ጓደኞቼ እንዲህ ሆነሽ ቢያዩሽ ለአንቺም ጥሩ አይደለም፤ ፊትሽ እስኪድን" ብሎ ሐዋ የምትባል ሶማሌ ግቢ ውስጥ ክፍል ያዘልኝ። ሐዋ ድሬዳዋ የኖረች፣ ለፈረንሳዮች ልብስ የምታጥብ ባልቴት ናት። ክፍሏ ከቆርቆሮ ነው። የቆቦ ሙቀት እኮ ጨዋ ነው፤ ቀን ያነድዳችኋል፣ ማታ ከተራራው ነፋስ ልኮ ይቅርታ ይጠይቃችኋል። የጅቡቲው እርጥብ ብርድ ልብስ ነው፤ ቀንም ማታም አይነሣም። ላቡ ቁስሌ ላይ ሲወርድ ጨው የነሰነሱብኝ ይመስለኛል።

"የቤቱ ኪራይ ከነአየሩ ነው?" አልኳት አንድ ቀን ሐዋን።

"አየሩን ፈረንሳዮች ወስደውታል። ለአንቺ ግድግዳው ብቻ ነው።"

ጀማል ከሥራ መልስ እየመጣ በር ላይ ይቆማል፤ አይገባም። እኔን ሳይሆን ሐዋን፣ "ዛሬስ እንዴት ናት?" ይላል፣ ሙዝ መብሰል አለመብሰሉን እንደሚጠይቅ ሰው። ባዶ እጁንም አይመጣም፤ በመጣ ቁጥር የሆነ ጓደኛው የነገረውን መድኃኒት ይዞ ነው። የጥርስ ሳሙና ለጥፊ ተባልኩ፣ ለጠፍኩ፤ ደርቆ ሲሰነጠቅ ቆዳዬን ይዞት ተነሣ። ሎሚ በጨው እሺው ተባልኩ፤ የዚያን ቀን ጩኸቴን ጎረቤት ሁሉ ሰማ። ቡና ዱቄት ነሰነሱብኝ። አንድ ቀን ደግሞ የሚያቀላ ክሬም ይዞ መጣና፣ "ጠባሳው ቢቀር እንኳ ቀላ ትያለሽ" አለኝ። ሰውዬው ጤናዬን አይደለም የሚፈልገው፤ ፎቶውን ነው። እኔ ግን ዝም ብዬ እቀባለሁ፤ ምክንያቱም ያለ እሱ ወረቀት የለኝም።

ወረቀቱን ለማውጣት ቢሮ ሄድን። ሹሙ አማርኛውን ያቀላጥፈዋል፤ የጫት ሰዓት ስለደረሰ ግን ልቡ በር ላይ ነው። ፎቶዬን አነሣው።

"ይቺ ማን ናት?"

"እኔ ነኝ።"

"ይቺ ቆንጆ ናት።"

"አዎ፤ እኔ ነኝ።"

"እንግዲያው አንቺ ማነሽ?"

"እሷው ነኝ። ፀሐይ አቃጥሎኝ ነው።"

"እኛንም ያቃጥለናል። ሌላ ሰው አላደረገንም" አለና ወደ ጀማል ዞረ። "አንተ፣ ይቺ ሚስትህ ናት?"

ሁሉም ነገር በዚህች መልስ ላይ ነበር። "አዎ" ካለ ሴዡር የሚሉት የመኖሪያ ወረቀት ይሰጠኛል። ካላለ ራፍል የሚሉት አፈሳ መጥቶ ባቡር ላይ ይጭነኛል፤ ባቡሩ ድሬዳዋ ይጥለኛል፤ ከዚያ ቆቦ፣ ከዚያ ሊቀመንበሩ። ጀማል ይህን እኔ ከማውቀው በላይ ያውቃል። ጉሮሮውን ጠረገ፣ ጫማውን አየ፣ የሹሙን ፊት አየ።

"ጌታዬ፣ ፊቷ እስኪድን ቆይተን ብንመለስ አይሻልም?"

ሹሙ ብዕሩን አስቀመጠ። "ስለ ፊቷ ጠየቅሁህ እንዴ? ሚስትህ መሆኗን ታውቃለህ አታውቅም?"

"ሲድን ይታወቃል" አለ። ወላሂ እንዲህ አለ።

ለጫት የሚቸኩለው፣ ስደተኛ እንደ ዝንብ እሽ የሚለው ሹም እንኳ አፈረለት። ለጥቂት ጊዜ የምታቆየኝ ብጣሽ ወረቀት ጽፎ በእጄ ሰጠኝና፣ "እስከዚያ ሥራ ፈልጊ፤ አሠሪ የፈረመላት ሴት ባል አያስፈልጋትም" አለኝ። ጀማልን ቀና ብሎም አላየው።

ለሐዋ ስነግራት ሳቀች፤ ከዚያ ተቆጣች። የጥርስ ሳሙናውን፣ ሎሚውን፣ ክሬሙን ሰብስባ ቆሻሻ ላይ ጣለችና እጄን ይዛ ክሊኒክ ወሰደችኝ። ቁስል አጣቢው ድሬሰር ገና ሲያየኝ፣ "ምን ምን ቀባሽበት?" አለ። ቆጠርኩለት። "ሽንኩርትና በርበሬ ቀርቷል እንጂ ወጥ ነው" አለ። ያዘዘልኝ ይህ ብቻ ነው፤ በቀዝቃዛ ውሃ የተነከረ ንጹሕ ጨርቅ ጣል ማድረግ፣ ሲሞቅ መቀየር፤ ውሃ የቋጠረውን አለማፍረጥ፤ የሚላጠውን አለመጎተት፤ ብዙ መጠጣት፤ ከጥላ አለመውጣት። ሐዋ ደግሞ ግቢዋ ውስጥ በቆርቆሮ የተከለችው እሬት አላት። እኛ አገር እሬት ልጅ ጡት የሚያስጥሉበት መራራ ነገር ነው፤ ፊት ላይ ይደረጋል ብሎ የነገረኝ የለም። ውስጡን ፍቃ፣ እንደ እንቁላል ነጩ ያለውን አሳርፋ ስትቀባኝ፣ ከቆቦ ከወጣሁ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ጥርሴን ሳልነክስ ተነፈስኩ። አለቀስኩም። ሐዋ "እንባው ጨው ነው፤ ቁስልሽን ያቃጥለዋል፣ ተይ" አለችኝ።

የላይኛው ቆዳ ተላጦ አዲሱ እየወጣ ሳለ ሐዋን ተከትዬ ልብስ ማድረስ ጀመርኩ፤ ነጠላዬን እስከ ዓይኔ ተከናንቤ። ከደንበኞቿ አንዷ የወታደር ሚስት ናት፤ ማዳም እንላታለን። እሑድ እሑድ እነዚህ ሰዎች የሚያደርጉትን ብነግራችሁ አታምኑኝም። ባሕር ዳር ሄደው፣ ልብሳቸውን አውልቀው፣ ዘይት ተቀብተው፣ ፀሐይ ላይ ይተኛሉ! ማንም ሳያሳድዳቸው! እኔን ሊቀመንበር አባርሮኝ፣ ሚሊሻ ነጠላዬን አስወልቆኝ የተቃጠልኩትን፣ እሷ ከአገሯ በአውሮፕላን መጥታ፣ ፎጣ አንጥፋ፣ መነጽር አድርጋ ትቃጠላለች። ስትገለበጥም ሁለቱም ጎኗ እኩል እንዲበስል ነው።

አንድ ሰኞ ስንደርስ ማዳም አልጋ ላይ በደረቷ ተኝታ ታለቅሳለች። ጀርባዋ እንደ በርበሬ ቀልቷል። "ኩ ደ ሶሌይ! ኩ ደ ሶሌይ!" ትላለች። ሐዋን ምንድን ነው ብላት፣ ፀሐይ መታችኝ ማለቷ ነው አለችኝ። ፀሐይ እኮ ቤቷ ድረስ ሄዳ አልመታቻትም። ባልየው ደግሞ ከወገቡ በላይ ራቁቱን ቆሞ ከፍሪጅ ያወጣውን ቅቤ ሊቀባት ይታገላል። ቅቤውን ስመለከት ምን እንደሆንኩ አላውቅም፤ ኮሎኔል ይሁን ጄኔራል፣ ከእጁ ነጠቅሁት። መጋረጃውን ዘጋሁ፤ አንሶላ በቀዝቃዛ ውሃ ነክሬ ጣል አደረግሁባት፤ ሲሞቅ ቀየርኩ፤ ውሃ አጠጣኋት፤ ሐዋ እሬቱን እስክታመጣ እዚያው ቆየሁ። ማዳም እጄን ይዛ "ሜርሲ፣ ሜርሲ" አለች። በልቤ ሰደብኳት፤ እጄ ግን ቀስ ብሎ ነው የነካት፤ ምን እንደሚሰማት ያውቃላ።

በሳምንቱ እሑድ ማዳም ተመልሳ ባሕር ዳር ሄደች። አልቀልድም። ሰኞ ላስተካክላት እኔ አለሁላት፣ ምን ቸገራት! ከዚያ ወዲህ ቤቷ ሠራተኛ ሆንኩ፤ ወረቀቴም በእሷ ፊርማ ወጣ። ያ የጫት ሹም ማኅተሙን ሲመታ ፊቴን አየና፣ "ቆንጆዋ መጣች እንዴ?" አለኝ። "መቼም አልቀረችም" አልኩት።

ከቢሮው ወዲህ ብቅ ያላለው ጀማል መዳኔን የሰማው ከሰው ነው። በአርብ ቀን ሁለት ሽማግሌ አስከትሎ፣ ሱፍ ለብሶ፣ በዚያ ሙቀት ከረባት አስሮ መጣ። ይኸውላችሁ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የክፍሌን ደጃፍ ተሻግሮ ገባ። ፊቴን ግራና ቀኝ መረመረ፤ ከግንባሬ ጫፍ ትንሽ ጠቆር ያለ ምልክት ብቻ ነው የቀረው። ፊቱ በራ።

"አልሐምዱሊላህ! ፎቶሽን መሰልሽ እኮ! እንግዲህ ድግሱን እንደግስ። ጓደኞቼ ሁሉ ይምጡና ይዩሽ።"

"ለጓደኞችህ ሚስቴ ገና አልመጣችም ብለሃቸው የለ?"

"አሁን መጣች እላቸዋለሁ" አለ፣ እየሳቀ። ቀልድ መስሎታል።

ወደ ሽማግሌዎቹ ዞርኩ። "አባቶቼ፣ ይህ ሰው ሹም ፊት ሚስትህ ናት ወይ ተብሎ ሲጠየቅ፣ ሲድን ይታወቃል ብሏል። እኔ አፍንጫው የቀጠነ ሰው ባለመሆኔ አዝናለሁ። ያገባው ፎቶውን ነው፤ ፎቶው ከእሱ ጋር ነው፣ አብረው ይኑሩ። የእኔን ፍቺ ግን እዚሁ በፊታችሁ ይስጠኝ።"

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ትልቁ ሰው ጀማልን "ብለሃል?" አሉት። ጀማል ከረባቱን ፈታ፣ ላቡን ጠረገ። መጨረሻ ላይ የፍቺውን ቃል አወጣው፤ ወጥቶ ሲሄድም በሩ ላይ ቆሞ አላየኝም። ንቄው እንደነበር አውቃለሁ፤ ያን ቀን ያዘንኩት ንቀቴን እንኳ የማይመጥን ሰው በመሆኑ ነው።

ይህን ሁሉ የምጽፈው እመየ ካለፈች በኋላ ነው። በሕይወት ሳለች አንዲት ቃል አልነገርኳትም፤ ብነግራትማ ሊቀመንበሩ ወንበሩ ላይ ነው፣ "ባለባል ናት" ያለው አባቴ ሊጠየቅበት ነው። ጀማልም አልተናገረም፤ ፎቶዬ ተወችኝ ብሎ ለዘመድ ማውራት አይሆንለትም። ስለዚህ ለቆቦ ሰው እኔ ያለ ፍቺ፣ ደህና ባል ያላት ሴት ሆኜ ኖርኩ።

ከፍቺው ብዙም ሳይቆይ፣ በመጀመሪያው ደመወዜ ፖስታ ቤት ሄጄ ወደ ቆቦ ስልክ አስጠራሁ። እመየ በቀጠሮው ቴሌ መጥታ ነበር። ከኋላዋ ሰው ሲያስልና ሲያወራ ይሰማኛል፤ እሷም ከሩቅ የማልሰማት እየመሰላት ትጮሃለች።

"ዘሐራ! አንቺ ነሽ? ፊትሽስ ሆዴ? ሁመድ መጥቶ ነግሮን እንቅልፍ አጣሁ እኮ!"

"ድኗል እመየ። ምንም የለብኝም።"

"ወላሂ በይ።"

"ወላሂ።"

"አልሐምዱሊላህ! ጀማልስ? አጠገብሽ አለ? ስጪኝማ ላመስግነው።"

የቆምኩባት ሣጥን የምታህል ክፍል ውስጥ ከእኔ ሌላ ሰው መቆሚያ የለውም። "ሥራ ላይ ነው" አልኩ።

"እንግዲያው ከእኔ ንገሪው። ልጄ ፊቷ ተቃጥሎ፣ ሰው የማትመስል ሆና ስትደርስበት፣ ፊቱን ያላዞረባት ወንድ፣ አላህ በዱንያም በአኼራም ፊቱን ያብራለት በይው። የሰማ ሁሉ ነው የሚመርቀው። እኔ በየሶላቴ ከአባትሽ አስቀድሜ እሱን ነው የማነሣው። አላህ ዕድሜ ይስጠው፣ ልጅ ይስጠው፣ አንቺን ከጎኑ አይለይሽ። አሚን በይ እንጂ!"

መስመሩ ይንሿሿል።

"ዘሐራ? ተቋረጠ እንዴ? አሚን በይ ልጄ!"

"አሚን እመየ" አልኩ።